የጋሽ ሽባባው የሌሊት ዓሦች

ቡታጅራ ውስጥ ሠርግ ተጠርታችሁ ከሄዳችሁ፣ ሙሽራው ፊት ተገትራ «ፈገግ በል እንጂ! ልትታሰር ነው እንዴ የመጣኸው?» እያለች የምትጮህ፣ ካሜራ ያንጠለጠለች ሴት አይታችኋል። እኔ ነኝ፤ ናጃህ። ሃያ ዓመት ሙሽራ ስቀርጽ ኖሬ፣ አምና ደግሞ ዓሣ ቅረጪ ተባልኩ። ያውም በጨለማ። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ነገሩ የመጣው በጋሽ ሽባባው ነው። ጋሽ ሽባባው ከጎጃም አስተማሪ ሆነው መጥተው፣ ጠመኔውን ጥለው ሆቴል ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ አልዋሽም። በበራቸው ያለፈ ሰው ሳይጎርስ አይሄድም። ጠግቤያለሁ ብትላቸው አይሰሙህም፣ ሐኪም ከልክሎኛል ብትላቸው አይሰሙህም። «በሞቴ!» ብለው አፍህን በእጃቸው ይከፍቱታል።

ታዲያ እኚህ ሰው ለአንድ ጉዳይ ወልቂጤ ይሄዱና፣ ያረፉበት ሆቴል ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ የመስታወት ገንዳ ያያሉ። በቃ፣ እንቅልፍ አጡ። ወልቂጤ ያለው ነገር ቡታጅራ እንዴት ይቅር? በሳምንቱ አዲስ አበባ ገብተው፣ የወልቂጤውን እጥፍ የሚያህል ገንዳ ከሰባት ዓሦችና ከአንድ ሸርጣን ጋር አስጭነው መጡ። እንግዳ መቀበያው መሐል ገተሩት። ሻጩ «ብርቅ ናቸው፤ አገር ላይ ማንም የለውም» ብሏቸዋል። የሌሊት ዓሦች መሆናቸውን፣ ቀን ቀን ተደብቀው የሚውሉ መሆናቸውን የነገራቸው ግን ብሩን ከተቀበለ በኋላ ነው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ሰዉ ከመስቃን ገጠር ሳይቀር በጋሪ እየተጫነ መጣ። የሚያየው ግን ውሃ፣ ድንጋይና የተሰበረ እንስራ ነው። ዓሦቹ እንስራው ውስጥ ገብተው ተኝተዋል። «ጋሽ ሽባባው፣ ይሄ ውሃ ይጠጣል ወይስ ለእይታ ብቻ ነው?» የሚል አሽሟጣጭ በየቀኑ አይጠፋም ነበር። ጋሽ ሽባባው ይንጨረጨራሉ። አንድ ቀን እንደውም መስታወቱን በቡጢ ደብድበው «ውጡ እንጂ! እንግዳ መጥቷል!» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓሦቹን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ሙባሪክ የሚባል የሰፈሬ ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ ሊደፍን ነው። ዝዋይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ስድስት ዓመት ሠርቷል። ዝምተኛ ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ የአዳራሹ መብራት ሲጠፋ ምግባቸውን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ይበትንላቸዋል፣ ገንዳውን ይከድናል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሲነጋ በትንሽዬ ቀይ አምፖል እንስራው ውስጥ እያየ ይቆጥራቸዋል። «ምግቡ ምነው አነሰ?» ሲሉት፣ «ዓሣ በሆዱ ልክ ሳይሆን በውሃው ልክ ነው የሚበላው» ይላል። ማን ይሰማዋል?

አንድ ቀን ሙባሪክ ሄዶ «ጋሽ፣ ዛሬ ስድስት ናቸው» አላቸው። በሳምንቱ «አምስት ናቸው» አለ። ከዚያ «አራት»። አያችሁ አይደል? ጎደለ ብሎ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው። የሰረቀ ሰው ጎደለ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል እንዴ? ጋሽ ሽባባው ግን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ «ሌባ! ጠብሰህ በላሃቸው!» ብለው ጮኹበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ጎረቤት ከተማ ቆሼ ደርሷል።

ቆሼ መድረሱ ነበር ጉዱ። ሙባሪክ ያጫት ልጅ፣ ዘይባ፣ የቆሼ ልጅ ናት። አባቷ ሀጂ ሸምሶ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ኒካህ ሊታሰር ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ዓሣ ሰርቆ ለሚበላ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ላኩ። ዘይባ አለቀሰች፣ ምግብ ተወች። ሀጂ ግን በጄ አላሉም።

ሙባሪክ ስቱዲዮዬ መጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ናጃህ፣ ያ አሮጌው ካሜራሽ በጨለማ ያያል ይባላል። እውነት ነው?»

እውነት ነው። አዳዲሶቹ የማይችሉትን አንድ ነገር ይችላል። የሰው ዓይን የማያየው መብራት አለው፤ አንዷን ቁልፍ ስትጫኗት ድቅድቅ ጨለማው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ባሌ «ይሄን ቆርቆሮ ጣይው» እያለ ዕድሜዬን ሲጨቀጭቀኝ ኖሯል።

«አምፖሌን ሳበራ ጥግ ጥግ ይሸሻሉ» አለ ሙባሪክ። «ምናልባት ሦስቱ ይኖሩ ይሆናል። ሰባቱንም ቅረጪልኝ። ሀጂ በዓይናቸው ይዩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አንጀቴን በላው። ማታውኑ ጋሽ ሽባባው ዘንድ ሄድኩ።

እሳቸው ደግሞ ወዲያው ተቀበሉኝ፤ ለሙባሪክ አዝነው እንዳይመስላችሁ። «በጨለማ የተቀረጸ ዓሣ ወልቂጤ የለም!» ብለው ነው። ከዚያ ነገሩን ማወሳሰብ ጀመሩ። «ብቻሽን ቀርጸሽ ብታመጪ ኮምፒውተር የሠራው ነው ይላሉ። ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክር!» በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ወላሂ፣ ለአራት ዓሣ ኮሚቴ! ሰብሳቢው አቶ ግሩም የሚባል፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነኝ የሚል፣ ፋይል ሳይዝ ሽንት ቤት እንኳ የማይሄድ ሰውዬ ነው። ሀጂ ሸምሶን ሙባሪክ ራሱ ቆሼ ድረስ ሄዶ፣ እግር ስሞ አመጣቸው። የጋሽ ሽባባው ባለቤት፣ የወጥ ቤቱም አዛዥ የሆኑት እትዬ ዓለምዘውድም «እኔም ልይ» ብለው ገቡ።

ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት መብራቱ ሊጠፋ ሲል ተሰበሰብን። ለፎቶ መጋረጃ የምጠቀምበትን ጥቁር ጨርቅ ራሴ ላይ ጣልኩ፤ የካሜራውን አፍንጫ ከመስታወቱ ጋር አጣበቅኩ፤ አለዚያ መስታወቱ የራሴን ፊት ነው የሚያሳየኝ። ሙባሪክ እንደ ወትሮው ቆንጥሮ አበላ፣ ገንዳውን ከደነ፣ እኔ አጠገብ ተንበረከከ። ጋሽ ሽባባው ወንበራቸውን ገንዳው ጎን አስጠግተው ተቀመጡ።

«መብራት ይጥፋ፤ ዝምታ!» አልኩ።

ጠፋ። ወዲያው አቶ ግሩም ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበራችሁ ባለድርሻ አካላት…»

«አቶ ግሩም፣ ዓሦቹ ይደነግጣሉ» አልኩት።

«መክፈቻ ሳይደረግ ሥራ አይጀመርም፤ እኔንም ቅረጪኝ» አለ። ምን ላድርግ፤ ካሜራውን አዞርኩበት። ያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ከረባቱን አስተካክሎ፣ የሌሊት ዓሣ ለአካባቢው ልማት ያለውን ፋይዳ ሰባት ደቂቃ አስረዳ። ሀጂ ሸምሶ በመሐል አንኮራፉ። ሲጨርስ እትዬ ዓለምዘውድ በጨለማው አጨበጨቡ። ዓሦቹ እንኳን ሊወጡ፣ እንስራው ላያቸው ላይ ሊፈርስ ነው የመሰላቸው።

እንደገና ጠበቅን። አንዷ ዓሣ ጭራዋን ብቅ ስታደርግ የአቶ ግሩም ስልክ ቦግ አለ። ጠፋች። ስልካችሁን አምጡ ብዬ ሁሉንም ትሪ ላይ ሰበሰብኩ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ያው ሰውዬ ሁለተኛ ስልኩ ቦግ አለ። ሴት ሆኜ እንጂ በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ ሁሉም ደከመውና ዝም አለ። ያኔ ወጡ። ያ ረቢ! እንደ ቢላዋ ቀጠን ያሉ፣ ከሆዳቸው ሥር ያለው ክንፋቸው እንደ ነጠላ ጥለት የሚርገበገብ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚዋኙ ፍጥረቶች ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሽራ ስቀርጽ እንዲያ ያለ አካሄድ አላየሁም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጠበቅኩ። ካሜራውን ወደ ጥግ፣ ወደ ድንጋዩ ሥር፣ ወደ እንስራው አፍ አዞርኩ። አምስተኛ የለም። ሙባሪክ ጆሮዬ ሥር «ስንት ናቸው?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ያልሰማሁ መስዬ እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።

በዚህ መሐል ቅቤ ሸተተኝ። ኮሰረት ያለበት፣ የተነጠረ ቅቤ። የወጥ ቤቱ እሳት ጠፍቷል፤ ከየት መጣ አልኩ። ካሜራው ውስጥ ስመለከት አራቱም ዓሦች ተግተልትለው ወደ አንድ ጥግ ሄዱ፤ ጥሬ እንደተበተነላቸው ዶሮዎች። ከዚያ ክዳኑ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እጅ ገባ።

እጁን አወቅኩት። ልጮህ ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ሠርግ ቀራጭ ነኝ፤ ያየሁትን ሁሉ ባወራ ኖሮ በዚህ ከተማ ሦስት ትዳር አይተርፍም ነበር። ዝም ብዬ ቀረጽኩ።

መብራት በራ። አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ኳስ የሚያይበት ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ካሜራዬን ገመድ ሰካሁበት። መጀመሪያ የታየው አቶ ግሩም ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ፣ ዓይኑ እንደ ጅብ ዓይን እያበራ ስለ ልማት ያወራል። እሱ ግን «ጥሩ ነው የወጣሁት» አለ።

ቀጥሎ ዓሦቹ ወጡ። ሀጂ ሸምሶ «ማሻ አላህ» አሉ፣ በጣታቸውም ቆጠሩ። አራት። ዳግመኛ ቆጠሩ። አራት። ከንፈራቸውን መጠጡና ሙባሪክን እንኳ ሳያዩት ሻሻቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ ሊሄዱ ነው። ሙባሪክ ግንቡን ተደግፎ መሬት መሬቱን ያያል።

ጋሽ ሽባባው ተነሱ፤ ደረታቸው ተነፋ። «አላልኩም? ሰባት አልነበሩም? ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል!»

«ቁጭ ይበሉ ጋሽ፤ አላለቀም» አልኳቸው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ክዳኑ ተነሳ። ወፍራም እጅ፣ ጣቱ ላይ ትልቅ ቀለበት፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ቅጠሉን ፈታው፤ እንቁላል የሚያህል ክትፎ ድቡልቡል አድርጎ ውሃው ውስጥ ለቀቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ቅቤው ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ዓሦቹ ይሻሙበታል፤ ሸርጣኑ የድርሻውን እየጎተተ ይሄዳል። ትንሽ ቆይታ አንዷ ዓሣ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፤ አየር ያጠራት ይመስላል።

«ይሄ እጅ የማን ነው?» አለ አቶ ግሩም። የአገሬው ሕፃን የሚያውቀውን እጅ!

«የቃል ኪዳን ቀለበትህ አይደለም እንዴ?» አሉ እትዬ ዓለምዘውድ። «አንተ ነህ ለካ ክትፎዬን የምታጎድለው! ሁለት ወጥ ሠሪ አባረርኩ እኮ!»

ሙባሪክ ከግንቡ ተላቀቀ። «ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ ቅባት አገኛለሁ» አለ። «የወጥ ቤት ጢስ ነው እያልኩ ስጠርግ ኖርኩ። ቅቤውና ሚጥሚጣው ነው የጨረሳቸው። የሞተውን የቀሩት ይበሉታል፣ ትራፊውን ሸርጣኑ። ለዚህ ነው ሬሳ ያጣሁት።»

እንግዲህ አሁን የሚያፍር ሰው ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ ከርመው፣ ይኸው በገዛ ቴሌቪዥናቸው ተያዙ። ጋሽ ሽባባው ግን መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ርቧቸው ነበራ!» አሉ። «በሁለት ጣት ነው የሚያበላቸው! እኔ ቤት ገብቶ ጦሙን የሚያድር ነፍስ አለ? ሁላችንም ስንበላ ከመስታወቱ ውስጥ ሲያዩን እያየሁ እንዴት ብዬ ልተኛ? በየማታው አንድ አንድ ባጎርሳቸው ምን አለበት?»

ታምናላችሁ? ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንጀታቸው ራሰ። «የአንተ ነገር!» አሉ እትዬ ዓለምዘውድ እየሳቁ፤ ስለ ወጥ ሠሪዎቹ ረሱት። አቶ ግሩም «ይህ የእንግዳ ተቀባይነት ባህላችንን ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ ነው» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሦስት ዓሣ የገደሉት ሰው ደግ ተብለው አረፉት!

ሀጂ ሸምሶ ብቻ አልሳቁም። ሙባሪክን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሌባስ አይደለህም» አሉት። የሙባሪክ ፊት ሊበራ ሲል ቀጠሉ፤ «ግን እንዲህ ያለውን ፍጥረት በሁለት ጣት ቆንጥሮ የሚያበላ ሰው፣ ልጄን ምን ሊያበላት ነው?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «ሀጂ፣ አላህ ይይልዎት!» አልኩ። «እሱ በቆነጠረላቸው አንድም አልሞተ፤ እኚህ ባጎረሷቸው ሦስቱ የታሉ? ልጅዎን የትኛው ቢያበላት ነው የሚሻልዎት?» ሴት ልጅ በሽማግሌ ላይ አትጮህም ይባላል፤ እኔ ጮህኩ። ሀጂ ጺማቸውን መደባበስ ጀመሩ። አላማረኝም፤ የቆሼ ሰው ጺሙን ከደባበሰ ዋጋ እያሰበ ነው።

ጋሽ ሽባባው ነገሩን በሚያውቁት መንገድ ሊያበርዱት ፈለጉ። «ተዉት፣ ተዉት! ዓለምዘውድ፣ ማዕድ አምጪ! ለሀጂና ለሙባሪክ ሥጋ እንዳትነኪ፤ ጎመንና አይብ በቆጮ!» አሉ። እስላምና ክርስቲያን በየሥጋው መሆኑን እንኳ ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ስተው አያውቁም። ዓሦቹን ግን ማን ምን ትበላላችሁ ብሎ ጠየቃቸው?

ትሪው መጣ። ጋሽ ሽባባው እጃቸውን ታጥበው፣ ቆጮውን ቆርሰው፣ አይብና ጎመኑን ጠቅልለው፣ ቅቤ የሚንጠባጠብ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጁና ሙባሪክ አፍ ድረስ ወሰዱት። «በል እንግዲህ፣ በሞቴ! ያለፈው አለፈ!»

ይቅርታ የምትል ቃል አልወጣቸውም፤ ሊወጣቸውም አላሰቡም። ጉርሻው ይበቃል ብለው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ይበቃል። የጎረስክለት ሰው ላይ ቂም የለህም ማለት ነው፤ ነገሩ በዚያው ታሽጎ ይቀበራል፤ ነገ ከነገ ወዲያ «ሌባ አልከኝ» ብትል አንተው ነህ ነገረኛ። አልጎርስም ካልክ ደግሞ ቂመኛ ነህ፣ ሀጂም ሻሻቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሙባሪክም ያውቃል።

አፉን አልከፈተም።

«መጀመሪያ ቃሉን፣ ጋሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ፊት ሌባ ብለውኛል። አልሰረቀም ይበሉ፤ ከዚያ እጎርሳለሁ።»

«ኧረ እጅ አታስቁም!» አሉ እትዬ ዓለምዘውድ።

«እጅ ማስቆም ነውር ነው» አለ አቶ ግሩም።

ጋሽ ሽባባው ጉርሻውን እንደያዙ ቀሩ። ቅቤው በክንዳቸው ወርዶ ክርናቸው ላይ ደረሰ። ሰው ሳላጎርስ ቀረሁ ብለው አያውቁም፤ ግንባራቸውን አላባቸው። ሀጂ ሸምሶ አንዱን አይተው ሌላውን ያያሉ። ሙባሪክ ጥርሱን ነክሷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ካሜራዬን ከገመዱ ነቅዬ አነሳሁ፤ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

«አልሰረቀም» አሉ ጋሽ ሽባባው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ውስጥ ቀብረው።

«ጋሽ፣ ድምፅ አልገባም» አልኩ ከካሜራው ኋላ። «ይደግሙልኝ።»

ገላመጡኝ። ጉርሻው መፈራረስ ጀምሯል። «አልሰረቀም አልኩ እኮ!»

«ስሙን ጠርተው ቢሉት ጥሩ ይወጣል፤ ወደ ሀጂ ዞር ብለው። አሁንም ድምፁ ደከም ብሏል።»

«ሙባሪክ አልሰረቀም!» ብለው በሠላሳ ዓመት ያልተጠቀሙበት የአስተማሪ ድምፃቸው ጮኹ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ብቅ አሉ፤ ዘበኛውም በመስኮት አንገቱን አስገባ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው! በክትፎ ነው የገደልኳቸው! በቃ?»

ሙባሪክ አፉን ከፈተ። ያንን የሚያህል ጉርሻ፣ ጉንጩ ተወጥሮ፣ እንባው እየወረደ፣ ሳያላምጥ፣ ምንም ሳይተው ዋጠው። ሀጂ ሸምሶ ጭናቸውን መቱ፤ «ይኸው! ሲጎርስ እንዴት ያምርበታል!» አሉ። «ጁምዓ ኒካህ ነው፤ አንቺም ካሜራሽን ይዘሽ ነይ።»

መቼም ያን ሁሉ ማስረጃ ቀርጬ፣ ልጁን ያዳነው ጉርሻው መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል። ጋሽ ሽባባውም በሠርጉ ቀን አግኝተውኝ «ያንቺ ካሜራ ግን አርጅቷል፤ ሰው ታስለፈልፊያለሽ» ብለው ወቀሱኝ። እሺ አልኳቸው። ድምፁ የመጀመሪያውም ጊዜ ገብቶ ነበር።